እበት ላይ የሚበቅለው ሳረንስት

ሳረንስት የሚባሉት፣ እውነተኛ ሥርና አበባ የሌላቸው ደቃቅ ዕፅዋት በአብዛኛው የሚራቡበትን ስፖር፣ ማለትም ዱቄት መሰል ቅንጣት፣ ለነፋስ የሚበትኑ ሲሆን፣ ስፕላክነም አምፑላሲየም የተሰኘው ዝርያ ግን ስፖሩን የሚያስጭነው በዝንብ ላይ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የጸናው፣ የአብዛኞቹ ሳረንስቶች ስያሜ መነሻ በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1801 በታተመው የዮሃንስ ሄድዊግ መጽሐፍ ነው።

ዝርያው በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ረግረጎች፣ ከብት ወይም አጋዘን በጣለው እበት ላይ ይበቅላል። የእነዚህ ረግረጎች መሬት ፒት ይባላል፤ ይኸውም ውኃ አየር ስለሚያሳጣው ሳይበሰብስ ለብዙ ዘመን የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ሲሆን፣ ኮምጣጣና በናይትሮጅን እጅግ ድሃ በመሆኑ፣ አንድ እበት በላዩ ሲያርፍ በረሃብ አገር መካከል እንደተጣለ ድግስ ነው።

ሳረንስቱ ለመራባት ሲደርስ ቀጭን ዘንግ ያወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ስፖር የያዘ ከረጢት ይቀመጣል፣ ከከረጢቱ በታች ያለው ክፍልም ተነፍቶ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ይይዛል። እንቁላሏን የምትጥልበት እበት የምትፈልግ ዝንብ በቀለሙና በሚያመነጨው ሽታ ተስባ ታርፍበታለች። ከረጢቱ ሲደርቅ የአፉ ጥርሶች ወደ ውጭ ስለሚታጠፉ፣ የሚጣበቁት ስፖሮች ተቋጥረው በአካሏ ላይ ይለጠፋሉ። አበባ ለንብ ጣፋጭ ፈሳሽ ይከፍላል፤ ይህ ተክል ግን ለዝንቧ የሚሰጣት ነገር የለም፤ እርሷ ግን ወደ ትኩስ እበት በሄደች ጊዜ ስፖሩን በትክክል በሚያስፈልገው ቦታ ታራግፈዋለች። ነፋስ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የተፈጥሮ ተመራማሪን በእጅጉ ሊያስደንቅ የሚገባውም ይኸው ነው።

ለረግረግ ጥበቃ ባለሙያ ከዚህ የሚከተለው ችግር ቀላል አይደለም። ዛሬ በካርታ ላይ የተመዘገበ የሳረንስቱ ቦታ፣ እበቱ ሲያልቅና ስፋግነም የተባለው የረግረግ ሳረንስት ሲሸፍነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ዝርያው ከአካባቢው ጠፋ ማለት ሳይሆን ወደ ሌላ እበት ተዛወረ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠበቀው ነጥቡ ሳይሆን እንስሳው፣ ውኃውና ዝንቧ የሚገናኙበት ሰንሰለት ነው። ረግረግን ለማዳን ተብሎ ከብቱን ሙሉ በሙሉ በአጥር ማስወጣት፣ ለሌሎች ዕፅዋት የሚጠቅም ቢሆንም፣ ለዚህ ሳረንስት መኖሪያውን መንሳት ነው፤ ረግረጉን ማጠንፈፍ ደግሞ ከዚህም የከፋ ጥፋት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ስጋት የከብት መድኃኒት ነው። ለጥገኛ ትላትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን፣ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘና በኢትዮጵያም ኦንኮሰርካሲስ የተባለውን የሰው በሽታ ለመከላከል የሚታደል ታላቅ መድኃኒት ቢሆንም፣ ከታከመው ከብት ከእበቱ ጋር ስለሚወጣ በውስጡ የሚያድጉትን የዝንብ እጮች ይገድላል። እጮቹ ሲያልቁ የስፖሩ ተሸካሚ ይመናመናል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው። መፍትሔው መድኃኒቱን መከልከል ሳይሆን፣ የሚሰጥበትን ጊዜ ማስተካከልና የታከሙት ከብቶች እበታቸው ከመድኃኒቱ እስኪጠራ በሌላ መስክ እንዲቆዩ ማድረግ ነው፤ ይህም የእንስሳት ሐኪሙና ከብት አርቢው የጥበቃ ዕቅዱ ሲነደፍ፣ ከዕፅዋት አጥኚው ጋር ከመጀመሪያው እንዲቀመጡ ይጠይቃል።