ፕቶር ለማን? የጥበቃ ተራና የልጆቻችን ድርሻ

ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል። «እማዬ፣ ለሰንበት አልመጣም፤ ሻባት እዘጋለሁ» ይላል ልጅዎ። «ባለፈውስ የዘጋኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» ሲሉት ትንሽ ዝም ይልና «ሌሎቹ ፕቶር አላቸው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ሊጡ ቦክቷል፣ ዶሮውም ተገዝቷል። እርስዎም ስልኩን አስቀምጠው «ይሄ ፕቶር የሚሉት ነገር ለማን ነው የሚሰጠው? ለእኔ ልጅስ ምነው አልደረሰው?» ማለትዎ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን ግን ወይ «ልጄን ጠልተውት ነው» ብለን እንቆጣለን፣ ወይ «እነሱ ያውቃሉ» ብለን እንተወዋለን። ሁለቱም ለልጁ አይጠቅሙትም። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ልጅዎ ተዋጊ ከሆነ ጥበቃ የሥራው አካል ነው፤ ጓደኞቹም ሁሉ ይጠብቃሉ። ክርክሩ የሚበዛው ደጋፊ ሥራ በሚሠሩት ዘንድ ነው፤ በሹፌሩ፣ በወጥ ቤት ሠራተኛው፣ በዕቃ ቤቱ ልጅ፣ በመካኒኩና በቢሮ ጸሐፊዋ መካከል። እነዚህ ልጆች ቀን ቀን የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ የባሲሱ በር ይጠበቃል፣ ሳህን ይታጠባል፣ ሰንበትን እዚያው የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ሽሚራ፣ ቶራኑት፣ ሻባት መዝጋት የሚሉት ይህንን ነው። ፕቶር ማለት እንግዲህ ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁሉም ነጻ መሆን ነው።

ነጻ የወጣው ሰው ተራ ግን አብሮት አይጠፋም። እስቲ በጣታችን እንቁጠረው። አንድ በር አለ እንበል፤ ቀንም ሌሊትም ይጠበቃል፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ሰዓት ይቆማል። በቀን 6 ተራ፣ በሳምንት 42 ተራ ይሆናል። በባሲሱ 21 ወታደሮች ቢኖሩ ለእያንዳንዱ 2 ተራ ይደርሰዋል፤ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከ21ዱ 7ቱ ፕቶር ቢያመጡ የቀሩት 14 ልጆች እያንዳንዳቸው 3 ተራ ይቆማሉ፤ ስምንቱ ሰዓት 12 ሆነ። በሩ ያው አንድ በር ነው፣ ሳምንቱም ያው ሰባት ቀን ነው። ልጅዎ «ሌሎቹ ፕቶር አላቸው» ያለው ይህችን ትርፍ አራት ሰዓት ነው።

ታዲያ ሰባቱ ሁሉ አጭበርባሪ ናቸው ማለት ነው? ኧረ አይደለም። ሹፌሩን እንውሰድ። መሪ ከመያዙ በፊት የሚተኛው የእንቅልፍ ሰዓት በትእዛዝ የተወሰነ ነው። ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ ጠዋት ሃያ ልጆች ጭኖ ይውጣ ቢባል ከተጫኑት አንዱ የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህ ፕቶር ለሹፌሩ የተደረገ ውለታ ሳይሆን ለተሳፋሪዎቹ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ወጥ ቤት የሚሠራውም ሌላው ሳይነቃ ተነስቶ እሳት ይለኩሳል፤ ሌሊት ጥበቃ ቢጨመርበት ቢላዋና የፈላ ዘይት ይዞ ሊያንቀላፋ ነው። በሬዲዮና በስልክ ክፍሉ፣ «ሐማል» በሚሉት፣ የምትሠራው ልጅም ሌሊቱን በፈረቃ ታድራለች፤ ፈረቃዋ ራሱ ጥበቃ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልናገር። ሹፌሩ ከሌሊት ጥበቃ ነጻ ቢወጣ ተገቢ ነው። ሥራ በሌለው ሰንበት ግን ባሲሱ ውስጥ ውሎ ቀን ቀን በሩን እንዳይጠብቅ የሚከለክለው ነገር የለም። የወጥ ቤቱ ልጅ ሌሊቱ ይቅርለት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይችላል። ችግር የሚመጣው «በዚህ ሰዓት አይችልም» የነበረው ነገር ቀስ በቀስ «እሱ ሹፌር ስለሆነ አይነካም» ወደሚል ሲለወጥ ነው። እንቅልፍ ለመጠበቅ የተሰጠ ፕቶር የማዕረግ ያህል ይከበራል። የፈረደበት ደግሞ የዕቃ ቤቱ ልጅ ነው፤ ለሥራው የተጻፈ የእንቅልፍ ትእዛዝ ስለሌለ ሁሉም እሱ ላይ ይወርዳል።

እኛ ይህን ነገር ከአገር ቤት እናውቀዋለን። መንደሩ ከብቱን በተራ የሚጠብቅ ከሆነ የእገሌ ተራ ማክሰኞ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የታመመ ካለ ጎረቤት ይተካለታል፤ ሲሻለው ይመልሳል፣ ሳይመልስ ቢቀር መንደሩ አይረሳውም። የአራስ ጎጆንም ያስታውሱ። የወለደች ሴት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ስትቀመጥ ውሃ የሚቀዳላት፣ እህል የሚያቀብላት ሌላ ሰው ነበር። «ሰነፍ» ያላት ማን ነው? ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ቀኑም ተቆጥሮ ያልቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እሷ ለሌላዋ ትቀዳለች። ፕቶርን ሰው በደስታ የሚሸከመው እንዲህ ሲሆን ነው። ምክንያቱ ሲደበቅና ማለቂያው ሳይታወቅ ሲቀር ግን ቅሬታ ይወልዳል።

በኦሪትም ቢሆን ነጻ መውጣት አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀ፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልቀመሰ፣ ሚስት አጭቶ ያላገባ፣ ልቡም የፈራ ከሰልፍ ይመለስ ተብሏል። ሚሽና ይህን ሲያብራራ ቤት የሠራውና ያጨው ከውጊያው ቢመለሱም ለሠራዊቱ ውሃና ምግብ ያቀርባሉ፣ መንገድ ያበጃሉ ይላል። ፈጽሞ ከዚህም ነጻ የሚሆነው አግብቶ ዓመት ያልሞላው ዓይነት ሰው ነው። ሌላም አለ። ንጉሥ ዳዊት ገና ሳይነግሥ በቦሶር ወንዝ 200 ሰዎች ደክመው ዕቃ ሲጠብቁ ቀሩ፤ 400ዎቹ ዘምተው ድል አድርገው ሲመለሱ ከመካከላቸው ክፉዎቹ ከምርኮው ለቀሩት አንስጥም አሉ። ዳዊት ግን እኩል እንዲካፈሉ ደነገገ። ልጃቸው ተዋጊ የሆነ ወላጆች «ጆብኒክ» የሚለውን ቃል በንቀት ሲጠሩ ስሰማ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በሌላ በኩል እነዚያ 200ዎቹ ዕቃውን በእርግጥ ጠብቀዋል፤ ተኝተው አላደሩም።

ወደ ባሲሱ እንመለስ። ወታደሮቹ «ታብላት ጼዴቅ» የሚሉት ነገር አለ፤ የፍትሕ ሰንጠረዥ ማለት ነው። ማን ስንት ጊዜ ጠበቀ፣ ማን ስንት ሻባት ዘጋ የሚለው በስም በስሙ ይጻፍበታል። ጥሩ አዛዥ ያለበት ቦታ ሁሉም ሊያየው ይችላል፤ የሌሊትና የሰንበት ጥበቃም ከማክሰኞ ከሰዓት በኋላው እኩል አይቆጠርም። በሌላ ቦታ ግን ሰንጠረዡ ያለው በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ያን ጊዜ «ቪታሚን ፔ»፣ ማለትም ዝምድናና ቅርበት፣ ገብቶ ይሠራል። ስለዚህ ልጅዎን «ለምን አንተ ብቻ?» ከማለት ይልቅ «ሰንጠረዡን አይተኸዋል ወይ? ባለፉት ሁለት ወራት ስንት ሻባት ዘጋህ፣ ሌሎቹስ?» ብለው ይጠይቁት። ቁጥር ይዞ አዛዡ ፊት የሚቀርብ ልጅና ተቆጥቶ የሚቀርብ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። ልጆቻችንን ጨዋ አድርገን አሳድገናል። ትልቅ ሰው ፊት አትከራከር፣ የቤትህን ገመና አታውጣ ብለናል። በቤት ውስጥ ያማረ ነው። በባሲስ ግን ተራ ሲደለደል ዝም ያለ ልጅ ከ14ቱ አንዱ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በእውነት ፕቶር የሚገባው ልጅ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። አባት ታሟል፣ እናት በጽዳት ሥራ ወገቧ ተጎድቷል፣ የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፎታል። ልጁ ሠርቶ መርዳት ይፈልጋል። ቢናገር ያፍራል፤ ስለዚህ አንድ እሑድ ወደ ባሲሱ ሳይመለስ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በወታደር እስር ቤት ያሉ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደሮች ድርሻ በሠራዊቱ ውስጥ ካላቸው ድርሻ በላይ መሆኑ በክኔሴት ሳይቀር ብዙ ጊዜ የተነሳ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹም የገቡት በሌላ ወንጀል ሳይሆን ከሥራ በመቅረት ነው፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ የቤት ችግር አለ።

ለዚህ የተሠራው መንገድ «ታሽ» ይባላል፤ የአገልግሎት ሁኔታ ማለት ነው። በክፍሉ ያለችው ማሻኪት ታሽ የቤተሰቡን ሁኔታ ታያለች፤ እንደ ሁኔታው የገንዘብ እርዳታ፣ በትርፍ ሰዓት የመሥራት ፈቃድ፣ ለቤቱ የቀረበ ምደባ ወይም ልዩ ፈቃድ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጊዜም ቤት መጥታ ትጎበኛለች። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንሳሳተው። እንግዳ መጣ ብለን ቤቱን አሳምረን፣ ከጎረቤት ስኒ ተበድረን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና አፍልተን እንቀበላታለን። «ችግር አለ?» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» እንላለን። እሷም የሰማችውን ትጽፋለች። አስተርጓሚው ደግሞ ራሱ ልጁ ነው፤ እናቱ «ኪራይ አልከፈልንም» ብትል እንኳ አፍሮ አለዝቦ ይተረጉመዋል። በዚያ ቀን የሚያስተረጉም ሌላ ሰው፣ ዘመድ ወይም ዕብራይስጥ የሚያውቅ ጎረቤት፣ ቢገኝ ይሻላል።

«እሺ፣ የእኔ ልጅ ነጻ ሲወጣ የሌላዋ እናት ልጅ አይደለም ወይ የሚጠብቀው?» የሚል ካለ፣ አዎ፣ እሱ ነው። ለዚህ ነው የሚጠየቀው ነገር በልክ መሆን ያለበት። አባቱን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ልጅ ሐሙስን ነጻ ይጠይቅ፤ በለውጡ ሌላ ቀን ይቁም። ማታ መሥራት ያለበት የሥራ ፈቃድ ይጠይቅ እንጂ «ታምሜአለሁ» ብሎ ከሐኪም ጊሜሊም አይለምን። ወላጅም «በቃ አሞኛል በልና ና» ብሎ አይምከር። አንዴ በውሸት የተገኘች የሕመም ወረቀት በእውነት በታመመ ቀን ታሳጣዋለች፤ ተራውን የሚሸከመው ጓደኛውም ያውቃታል።

ልጁ ለአዛዡ ተናግሮ፣ ማሻኪቷንም ጠይቆ መፍትሔ ካጣ ለወታደሮች ቅሬታ ሰሚው መጻፍ ይችላል። ይህ መሥሪያ ቤት ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው፤ የመጀመሪያው ሹም ቀድሞ የጦር ኃይሉ ኤታማጆር ሹም የነበሩት ሐይም ላስኮቭ ነበሩ። ቅሬታ ሰሚው በኤታማጆር ሹሙ ሥር የሚታዘዝ አይደለም። ለዚህ መጻፍ መብት ነው እንጂ አመጽ አይደለም፤ ልጅዎ ይህን ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ሌላ ክብደት አለው።

ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ ይኸው ክርክር ወደ ሚሉኢምም ገብቷል። ከመቶ ቀን በላይ ያገለገሉ አባወራዎች በየቤታችን አሉ። በዚያም ሚስቱ አራስ የሆነችው፣ ሱቁ የተዘጋበትና ምንም የሌለበት አንድ ላይ ተቀምጠው ማን ሻባት እንደሚወጣ ይነጋገራሉ። ዕድሜያቸው ከፍ ስላለ አንዱ የሌላውን ቤት ያውቃል፤ ስምምነቱ ይቀላቸዋል። የ19 ዓመት ልጅ ግን ካልነገረ ማንም አያውቅለትም።

ማሻኪቷ በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣ ከሆነ ዛሬውኑ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣውን ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የባንክ ሒሳቡንና የሐኪም ወረቀቱን በአንድ ፋይል ሰብስቡ። ስትገባ መጀመሪያ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ። ቡናው ከዚያ በኋላ ይፈላል።