የከተማ ሥዕልና የሐራጅ መዶሻ

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። እኛ ግን የአያቶቻችንን ዘመን መልክ ለማየት ስንፈልግ የባሕር ማዶ የሐራጅ መዝገብ ስንገልጥ እንገኛለን። ስለዚህም የቆዩ የከተማ ሥዕሎች እንዴት እንደሚሠሩ፥ እንዴትም እንደሚሸጡና ነገሩ እኛን የሚነካን በምን በኩል እንደ ሆነ በአጭሩ ለመግለጽ ተነሥተናል።

በሐራጅ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ «ጉዋሽ» የሚል ቃል ይገኛል። ጉዋሽ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ነው። የተፈጨው ቀለም ከግራር ሙጫ ጋር ይለወስና ነጭ ይጨመርበታል። ተራው የውሃ ቀለም ስስ ስለ ሆነ የወረቀቱን ንጣት ያሳልፋል፤ ጉዋሽ ግን ወፍራም ስለ ሆነ የታችኛውን ይሸፍናል። ሠዓሊው በጠቆረው ግድግዳ ላይ ኋላ ተመልሶ የበራ መስኮት ለመጨመር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቶሎም ይደርቃልና በመንገድ ላይ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ጉዳቱም አለ፤ ውፍረቱ እየተሰነጠቀ ይረግፋል፥ ውሃ ከነካው ይለቃል፥ ብርሃን ከበዛበት ደግሞ አንዳንዱ ቀለም ይደበዝዛል።

ፎቶግራፍ ሳይስፋፋ በፊት፥ ጣሊያንን የሚጎበኙ ሀብታሞች ያዩትን ከተማ ይዘው የሚመለሱት በእንዲህ ያለ ሥዕል ነበር። የኔፕልስ ሠዓሊዎች ቬሱቪየስ እሳት ሲተፋ እያሳዩ ይሸጡ ነበር። በቬኒስም የታወቀው የፍራንቼስኮ ጓርዲ ልጅ ጃኮሞ ጓርዲ (1764–1835 እ.ኤ.አ.) ትናንሽ የከተማ ሥዕሎችን በጉዋሽ እየሠራ ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬ ከሐራጅ ወደ ሐራጅ ይዘዋወራሉ።

ሐራጁ የሚካሄደው እንዲህ ነው። አስቀድሞ መዝገብ ይታተማል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥርና የግምት ዋጋ ይሰጠዋል። ባለቤቱ «ከዚህ በታች አልሸጥም» ያለው ዋጋ ግን በምሥጢር ይያዛል። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ ሽያጩ ያልቃል፤ ገዢውም ከጨረታው ዋጋ በላይ ለሐራጅ ቤቱ ድርሻ ይጨምራል። በመዝገቡ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከስም በፊትና በኋላ የሚገባው ትንሽ ቃል ነው። ስሙ ብቻውን ከተጻፈ ሐራጅ ቤቱ «የእገሌ ሥራ ነው» ማለቱ ነው። «የእርሱ እንደ ሆነ ይገመታል» ከተባለ ጥርጥር አለበት። «ከእርሱ ክበብ» ሲባል በእርሱ ዘመን በአጠገቡ የነበረ ሌላ ሰው ሠራው ማለት ነው። «እርሱን ተከትሎ» የተባለው ደግሞ ግልባጭ ነው። በአንዲት ቃል ምክንያት ዋጋው ሰማይና ምድር ይሆናል።

ዕድሜውንስ በምን ያውቁታል? አንዱ መንገድ ነጩን ቀለም መመርመር ነው። የዚንክ ነጭ ለውሃ ቀለም ሠዓሊዎች በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው በ1834 እ.ኤ.አ. ነው። የቲታንየም ነጭ ግን የ20ኛው መቶ ዓመት ነገር ነው። እንግዲህ «የ1780 ሥዕል» በተባለው ላይ የቲታንየም ነጭ ከተገኘ፥ ወይ ኋላ ታድሷል፥ ወይም የተባለውን አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የባለቤትነት ታሪኩ ነው፤ ይኸውም ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ፥ መጀመሪያስ እንዴት ተገኘ የሚለው ነው። ወደ አገራችን የሚመልሰንም ይህ ጥያቄ ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው፥ በስተሰሜን በኩል ከበሽሎ ወዲህ መቅደላ፥ ከበሽሎ ወዲያ ደላንታ እንዳሉ ያውቃል። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘ፤ ዓፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንግሊዞች የአምባውን ቤቶች አቃጠሉ። የዘረፉትንም ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው በሽሎን ተሻገሩ፤ በደላንታ ሜዳም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ሸጡት። የተገኘው ወደ 5,000 ፓውንድ ሲሆን ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ የአንዱ ተራ ወታደር ድርሻ ከአራት ብር ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነበር። ለብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ሰበሰበ። እንግዲህ ወሎ የዓለምን የሐራጅ ታሪክ በወሬ ብቻ የምታውቅ አገር አይደለችም።

ኰርዓተ ርእሱ የተባለው፥ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረው የክርስቶስ ሥዕል ግን ወደ ሙዚየም አልገባም፤ ሆልምስ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ በ1917 እ.ኤ.አ. በለንደን በክሪስቲ ሐራጅ ተሸጠ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ በዚያው ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። መዶሻ ሁለት ጊዜ ሲመታ «መጀመሪያ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ አላስቆመውም።

በእኛ ዘመን ግን ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በዶርሴት፥ ከመቅደላ የተወሰዱ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ቀርበው ሳለ፥ ኤምባሲያችን ስለ ጠየቀ ከሽያጭ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2024 እ.ኤ.አ. በኒውካስል የቀረበ የመቅደላ ጋሻም እንዲሁ ከሽያጭ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ተመለሰ። ሁለቱም ዕቃዎች የታወቁት በታተመው የሐራጅ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ባይኖር ኖሮ ከአንዱ ሳሎን ወደ ሌላው ሳሎን ባለፉ ነበር።

ሁሉን በአንድ ሚዛን አንመዝን። ከለንደን የሥዕል ጋዜጣ ተልኮ የመጣው ዊሊያም ሲምፕሰን የዚያን ዘመቻ አገር በውሃ ቀለም ሥሏል፤ ከጦሩ ጋር የነበሩ መኰንኖችም በእጃቸው ሥለዋል፥ መሐንዲሶቹም ፎቶግራፍ አንሥተዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል በሐራጅ ቢሸጥ «ተዘረፍን» ለማለት አንችልም፤ ወረቀቱም ቀለሙም የሠዓሊው ነበርና። ነገር ግን ከመቃጠሉ በፊት የነበረውን አገር ከሚያሳዩት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ነውና፥ ግልባጩ በቤተ መጻሕፍታችን እንዲገኝ ልንጠይቅ ይገባናል። ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደው መጽሐፍ ግን ግልባጩ አይበቃንም፤ ራሱ ይመለስ እንላለን። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚናገር ሰው ይሰማል፤ ሁሉን አንድ አድርጎ የሚጮኽ ግን እውነተኛውን አቤቱታ ያዳክማል።

በቤታችንም የምንሠራው አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ነገር ግን ከብራና መጽሐፍ ተቀዶ ለእንግዳ የሚሸጥ አንድ ቅጠል ነገ በሌላ አገር ሐራጅ የባለቤትነት ታሪክ የሌለው «ቆንጆ ሥዕል» ሆኖ ይቀርባል። ይህን ለገጠር ዘመዶቻችን ለመንገር ከእኛ ከተማሪዎች የቀረበ ሰው የለም።

ደግሞም የመካነ ሰላምን ገበያ፥ የአቀስታን ሰፈር፥ የየደብሩን ቅጥር ዛሬ በእርሳስም ሆነ በቀለም የምንሥል ስንቶቻችን ነን? ጃኮሞ ጓርዲ በአንዳንድ ሥዕሎቹ ጀርባ የቦታውን ስምና የራሱን ስም ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሎቹን የሚመረምር ሁሉ መጀመሪያ የሚገለብጠው ጀርባቸውን ነው። እኛም ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ የከተማችንን አንድ መንገድ እንሣል፤ በጀርባውም ቦታውን፥ ቀኑንና ስማችንን እንጻፍ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው የወሎ ተማሪ የአገሩን መልክ ከማንም መዶሻ ሥር ለመፈለግ አይገደድም።