ስሜንን በእግር፦ ዕቅዱ ከማደሪያው ይጀምራል

የስሜንን ተራሮች በእግር ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ራስ ደጀን ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው፤ ጉዞውን የሚያቃናው ወይም የሚያበላሸው ግን ጫፉ ሳይሆን ሌሊቱ የሚያልፍበት ከፍታ ነው። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የተለመደው የስሜን መንገድ ለዚህ ምክር የተሠራ ያህል ነው፦ ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ፣ ግጭ 3,600 ላይ፣ ጨነቅ ከዚያ እምብዛም ሳይርቅ ይታደራል። ከፍታው በዝግታ ይጨምራል፤ ቀኑ ደግሞ ጅባራውን፣ ሣር የሚነጨውን ጭላዳና የእሜት ጎጎን አፋፍ ለማየት ይተርፋል።

መኪና ጨነቅ ድረስ እየገባ መድከሙ ለምን? የሚል አለ። ከጎንደር ተነሥቶ በዚያው ዕለት ጨነቅ የሚያድር ሰው 1,500 ሜትር ያህል ወንበር ላይ ተቀምጦ ወጣ ማለት ነው። እዚያ ሰውነት ከአየሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሲሶ ያህል ያንሳል፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሌሊት ይመጣል፤ በማግስቱ 4,430 ሜትሩን ቧሂት መውጣት ቅጣት ይሆናል። «እኔ ደገኛ ነኝ» የሚለው መከራከሪያ ለአዲስ አበባ ነዋሪ በከፊል ይሠራል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ለከረመ ግን የሚቆጠረው የትውልድ አገሩ ሳይሆን የትናንት መኝታው ነው።

ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ጫኚ፦ ለሁለት መንገደኛ ይህ ሁሉ ሰው ወጪ ማብዛት ይመስላል። መሣሪያ የያዘው ስካውት የፓርኩ ግዴታ ነው፤ ሌሎቹ ቅንጦት የሚመስሉት ግን አንድ ሰው እስኪታመም ብቻ ነው። የከፍታ ሕመም ሲብስ ዋናው መድኃኒት ቶሎ መውረድ ነው፤ ለመውረድ መንገዱን የሚያውቅ ሰውና የሚያወርድ በቅሎ ያስፈልጋል። ሌላም ጉዳይ አለ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሰው የሚኖርበት ምድር ነበር፤ የግጭ ነዋሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው እንዲኖር ግጦሹን የለቀቀው ገበሬ ከበቅሎው ኪራይ ካላገኘ ከቱሪዝሙ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ክረምቱ ካለፈ ከጥቅምት ጀምሮ ይሂዱ፤ ሌሊቱ በረዶ ስለሚሠራ ወፍራም መኝታ ይያዙ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በዕቅድዎም ላይ አንድ ባዶ ቀን ይጨምሩ።