የዳሎል ፍርስራሽ የማን ዕዳ ነው?

ባለፈው ሰንበት እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ አቮንዴል እስቴትስ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዱ እንግዳ በስልኩ የቱሪስቶች ቪዲዮ ከፈተልን። ቢጫና አረንጓዴ ውኃ የሚፈላበት ሜዳ፣ ጣራቸው የወደቀ በጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶች፣ ዝገት የበላው ብረት። «አያችሁ! ሀብታችንን ዘርፈው ጥለውት ሄዱ» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔም ነቀነቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስተኛኝም።

ወገኖቼ፣ ዳሎል ያለችው በአፋር ምድር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳናክል ረባዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ ከ34 ዲግሪ ይበልጥ ነበር፤ ሌሊቱም ተደምሮ ማለት ነው። በዚያ እሳት ውስጥ ሰው የሰፈረው ለፖታሽ ሲባል ነው፤ ለማዳበሪያ ለሚሆነው ጨው።

የመጀመሪያው ግርግር የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የዓለምን ፖታሽ በእጇ የያዘችው ጀርመን ነበረች፤ ጦርነቱ ገበያውን ሲዘጋው ዋጋው ሰማይ ነካ። ጣልያኖች ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥተው ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀር ድረስ ሐዲድ ዘረጉ፤ በ1918 ተጠናቀቀ። ወደ 50,000 ቶን ወጣ ይባላል። ጦርነቱ አበቃ፣ የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያው ተመለሰ፣ የዳሎል ሥራ ቆመ። ከ1925 እስከ 1929 ደግሞ 25,000 ቶን ያህል ተጫነ። ያ ሁሉ ተደምሮ ዛሬ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ የሚችለው ነው። «ተዘረፍን» የምንለው እንግዲህ ይኼንን ነው! ሐዲዱንም ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት።

በጃንሆይ ዘመን አሜሪካዊው የፓርሰንስ ኩባንያ መጣ። ምድሩን ቆፈረ፣ መረመረ፣ ጉድጓድ አወረደ፤ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጉድጓዱን ውኃ ሞላው። ሰዎቹም ዕቃቸውን እዚያው ጥለው ወጡ።

የምኖርባት አቮንዴል እስቴትስም አንድ ሰው ያቆማት ከተማ ናት። ጆርጅ ዊሊስ የተባለ የመድኃኒት ነጋዴ በ1924 ቆረቆራት፣ በ1932 ሞተ። ከተማዋ ግን አብራው አልሞተችም፤ ቤቶቹን የገዙ ሰዎች ነበሩባት፣ ባቡሩም በደጇ ያልፋል። በዳሎል ቤቱም ሐዲዱም የኩባንያ ነበር። አፋሩ ለኩባንያው ጉልበት እንጂ ባለቤት ሆኖ አያውቅም።

ሦስተኛው ሙከራ በእኛ ዕድሜ የሆነ ነው። አላና ፖታሽ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቶ በ2015 ለእስራኤል ኬሚካልስ ተሸጠ። በጥቅምት 2016 የእስራኤሉ ኩባንያ ዘግቶ ወጣ። የሰጠው ምክንያት መንግሥት መሠረተ ልማቱን አላቀረበም፣ ያላግባብ ግብርም ጠየቀኝ የሚል ነበር። ኩባንያ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል አልልም። ግን ባለ ሁለት አኀዝ ዕድገት እያለ ሌት ተቀን ከበሮ ሲደልቅ የነበረው ኢሕአዴግ ምን መለሰ? በ1918 ባቡር የወረደበት ባሕር ከ1993 ወዲህ የሌላ አገር ነው፤ የ1998ቱ ጦርነት ደግሞ የቀረውን በር ዘጋው። ዛሬ ከድንበሩ ማዶ፣ ሐዲዱ ያበቃባት ኩሉሊ ላይ፣ የቻይና ኩባንያ የፖታሹ ባለድርሻ ሆኗል።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተቋረጠው የአሞሌው ሥራ ነው። አፋሩና ትግሬው ጨውን በመጥረቢያ ቆርጠው፣ በግመል ጭነው፣ በበርሃሌ አድርገው ወደ መቀሌ ያወጡታል። አስፋልት ሲገባ መኪናው የግመሉን ሥራ ይነጥቅ ጀመር። በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ በርሃሌ ድረስ ወረደ፤ እዚያ ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞችም ሳይቀሩ ተበተኑ። ስለዚህ በኛ ሰልፎች ላይ ስንት መፈክር ተሰማ?

ትናንት ያን እንግዳ ደወልኩለት። «ታዲያ ማንን እንውቀስ ነው የምትለኝ?» አለ።

«በቪዲዮው ውስጥ አንድ አፋር አይተሃል?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አንድ ልጅ አለ» አለኝ፤ «ፈረንጆቹን ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቅ።»