የሠራዊት ቃል በሰማይ ሲሄድ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው መንገድ ጎብዬን ሲያልፍ፥ የራያ ሜዳ በስተ ምሥራቅ በዞብል ተራሮች፥ በስተ ምዕራብም በደጋው ገደል መካከል ተዘርግቶ ይታያል። ሜዳው ለእህልና ለከብት የተመቸ ቢሆንም ለጦር ሬዲዮ ግን የተመቸ አይደለም። ወታደር በጀርባው የሚሸከመው ሬዲዮ ቃሉ እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ተራራ ሲጋርደው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከዞብል ማዶ ያለ ጦር በወልድያ ካለው አዛዡ ጋር ይነጋገር ዘንድ፥ ወይ በየተራራው ራስ ቃል ተቀባይ መሣሪያ መትከል፥ ወይም በሰው ሠራሽ ጨረቃ፥ ማለት በሳተላይት መጠቀም ያስፈልጋል።

ነገር ግን ቃል መድረሱ ብቻ አይበቃም፤ ከማን ጆሮ እንደ ደረሰም ማወቅ ይገባል። ይህንንም ከጎብዬ በስተ ሰሜን፥ ከኮረም ባሻገር የሆነው ነገር ያስረዳል። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በማይጨው ፊት ለፊት ሰፍረው ሳሉ፥ ጠላትን ለመግጠም መቍረጣቸውን ለእቴጌ መነን በሬዲዮ ላኩ። ምስጢሩን ለጳጳሱና ለሚኒስትሮቹ ነግረው ጸሎት እንዲደረግ አሳሰቡ፤ የሠራዊታቸውም ቍጥር 31 ሺህ መሆኑ በቃሉ ውስጥ ነበረ። ጸሎት የተለመነበት ያው ቃል በኢጣልያኖች እጅ ገባ። ማርሻል ባዶልዮም በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ራሱ ገልጾ ጽፎታል። መጋቢት 22 ቀን የኢትዮጵያ ጦር በገሠገሠ ጊዜ ጠላት ምሽጉን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የማይጨው ድል መሆን በዚህ ብቻ የመጣ አይደለም፤ አውሮፕላኑና መድፉ፥ የመርዙም ጢስ አለ። ቢሆንም ለጠላት ያለ ዋጋ የተሰጠ ነገር ቢኖር ይህ ቃል ነው።

ሳተላይት ይህን አደጋ ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፥ በአንድ ስፍራ የቆመ ይመስላል። ከዚያ የሚወርደው ቃል በተላከለት ሰፈር ብቻ አይወርድም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ መንግሥት ግዛት የሚሰፋ ምድር ይሸፍናል። በዚያ ምድር ያለ ሁሉ ተስማሚ መቀበያ ቢኖረው ይሰማዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ ቃሉን መሰወር ሳይሆን መቈለፍ ነው። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቅኔው ሲቀርብ በጉባኤው ያለ ሁሉ ይሰማል፥ ወርቁን የሚያገኘው ግን መንገዱን የሚያውቅ ነው። ልዩነቱ፥ የቅኔውን ወርቅ ብልህ ሰው አስቦ ያገኘዋል፤ በደንብ የተቈለፈውን የሠራዊት ቃል ግን ቍልፉን ያልያዘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያስብ አይፈታውም።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ምድርን ለመመልከት እንጂ መልእክት ለማመላለስ የተሠራች አልነበረችም። ግብፅ ግን ከዚያ በፊት አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ፥ ኅዳር 16 ቀን፥ በአውሮፓ ፋብሪካዎች የተሠራችላትን የመንግሥትና የጦር መልእክት ማመላለሻ ጢባ አንድን ወደ ሰማይ ልካ ነበር። ይህ ሲነገር ብዙ ሰው የራስ ሳተላይት ከተገኘ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ አላለቀም። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩስያ ወደ ዩክሬን በገባችበት ዕለት፥ የቪያሳት ኩባንያ ሳተላይት በሰማይ ምንም ሳትነካ፥ በምድር ያሉት የተጠቃሚዎች መሣሪያዎች በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት በጠላት ተንኰል ከሥራ ውጭ ሆኑ።

ስለዚህ ሳተላይቱ የተከራየ ቢሆን እንኳ ቍልፉ የባዕድ መሆን የለበትም። ቍልፉን የሚያወጣው፥ የሚያከፋፍለውና የሚለውጠው የአገር ሰው ሊሆን ይገባል፤ ይህም ሳተላይት ከመግዛት ይልቅ በጥቂት ገንዘብና በብዙ ትምህርት የሚገኝ ነው። በራያ ሜዳ አንድ ሬዲዮ ከነወታደሩ ቢማረክ፥ በማእከል ያለው ሹም በዚያው ሰዓት የሌሎቹን ሁሉ ቍልፍ ይለውጣል፤ የተማረከው ሬዲዮም ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ቃል ከጩኸት ለይቶ አያሰማም።