የታፔላ ፊደል

ፊደል ቆጥረን መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርን በኋላ ከተማ ስንወጣ አንድ ነገር ያስቸግረናል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ቀና ብለን ታፔላ ስናይ ፊደሉ የማናውቀው ይመስለናል። የመጽሐፋችን ፊደል ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ነው። የታፔላው ግን ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጫፍ ጫፉም ጌጥ አለው። «ለካ ማንበብ አልቻልንም!» ብለን እናፍራለን። ማፈር ግን አይገባንም። ፊደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው መልኩ ነው።

ፊደል ለምን ይጠባል? ታፔላው ጠባብ፣ ስሙ ረጅም ሲሆን ነው። እንግዳ ሲበዛብን መደብ ላይ ተጠጋግተን እንደምንቀመጥ ሁሉ ፊደላትም ይጠጋጋሉ። ቁመታቸው የሚረዝመው ከሩቅ እንዲታዩ ነው። በውጭ አገርም ከ1800ዎቹ ጀምሮ ለትልልቅ ማስታወቂያዎች ከእንጨት የተቀረጹ ጠባብና ረጃጅም ፊደላት ይሠሩ ነበር።

ጌጡስ ከየት መጣ? የጥንት ጸሐፊዎቻችን በብራና ላይ የሚጽፉት በመቃ ብዕር ነበር። የመቃው አፍ አንዱን መስመር ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በሮማ ከተማ በግዕዝ ታተመ። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጽሕፈት ከብራና ወደ ማተሚያ ቢሻገርም ወፍራምና ቀጭን መስመሩ አልጠፋም። ታፔላ የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ጫፉን ያረዝሙታል፤ ጥላም ይጨምሩበታል።

እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ስናነብ ጌጡን ትተን ሦስት ነገር እንይ።

አንደኛ፣ የፊደሉን ራስ እንይ። «ሰ» አናቱ ላይ ሰረዝ ሲጨመርበት «ሸ» ይሆናል። «ነ» ደግሞ «ኘ» ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቅጥሉን እንይ። በ«ደሴ» ውስጥ «ሴ» እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ቀለበቱን ሰረዝ ነው ካልን «ደሲ» ብለን እናነባለን።

ሦስተኛ፣ ፊደላቱን እንቁጠር። ደሴ መናኸሪያ ቆመናል እንበል። «ኮምቦልቻ» አምስት ፊደል ነው፤ «ሐይቅ» ግን ሦስት። ኮምቦልቻ በስተደቡብ ቁልቁል ነው፤ ሐይቅ በስተሰሜን ነው። ተሳስቶ የተሳፈረ ሰው ገበያው ያልፍበታል።

መቁጠር ብቻውን ግን አይበቃም። በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለው ወረቀት ትንሽ ስለሆነ ጽሕፈቱ ደቃቅና ጥብቅ ነው። «የሚጠጣ» አራት ፊደል ነው። «የሚቀባ»ም አራት ነው። ሁለቱም በ«የሚ» ይጀምራሉ። መጀመሪያውን ብቻ አይቶ የሚቀባውን ለልጁ ያጠጣ ሰው ልጁን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ፊደል እናንብብ። ከተጠራጠርን ባለሙያውን እንጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጥያቄዎች
1. የታፔላ ፊደል ለምን ይጠባል?
2. «የሚጠጣ» እና «የሚቀባ» በየትኞቹ ፊደላት ይለያያሉ?
3. በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሦስት ታፔላዎችን አንብባችሁ ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።