የዓመቱ አንደኛ ፊልም የቱ ነው? ስለ ክርክርና ስለ ደረጃ አሰጣጥ



ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ነገሩ የጀመረው በቀላል ጥያቄ ነበር። በዚህ ዓመት በአዳራሹ ከተመለከትናቸው ፊልሞች መካከል አንደኛ ሊባል የሚገባው የትኛው ነው? ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ አልጋ ለአልጋ የሚተኙ ሁለት ጓደኛሞች በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሳይነጋገሩ ሻያቸውን ጠጡ። ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ለማዘጋጀት የተነሣነውም ከዚያ በኋላ ነው። ዓላማችን ማን ትክክል እንደነበረ መፍረድ አይደለም። «አንደኛ» የሚለው ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚቆጠር፣ እንዲሁም ጉዳዩ ነገ ሰሌዳ ፊት ለምንቆመው ለእኛ ምን እንደሚያስተምር ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ፊልሞች

ብዙ ከተባለ በኋላ ክርክሩ በሦስት ፊልሞች ላይ ተወሰነ። የመጀመሪያው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ነው። ጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ አንበርብር የተባለ ሐኪም በትውልድ መንደሩ ተቀምጦ ያለፈውን ዘመን ያስታውሳል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። ሁለተኛው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» (2014) ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስና ጠበቃ ስትቆምላት ያሳያል፤ መነሻውም እውነተኛ ታሪክ ነው። ሦስተኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅና የሚወደው በግ ታሪክ ነው። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል።

እንግዲህ ክርክሩን አስቡት። የ«ጤዛ» ወገኖች «የአንድ ትውልድ ታሪክ ነው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ፊልም አለ?» አሉ። ሌሎቹ «ወደ ኋላ ወደ ፊት እየዘለለ ግራ አጋባን» ሲሉ መለሱ። የ«ድፍረት» ወገኖች «ሲያልቅ አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። «ማስለቀስ ብቻውን ሚዛን ይሆናል እንዴ?» የሚል መልስ ተሰጣቸው። «ላምብ»ን የደገፉት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ልጁ ወጥ ሲሠራ በአጎቱ የሚደርስበትን ቁጣ እያነሡ «እኛም ቤት እንዲህ ነው» ሲሉ ሁሉም ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። «ወደድሁት» እና «ጥሩ ነው» አንድ አይደሉም። «ወደድሁት» የሚል ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ሊከራከሩት አይቻልም። «ጥሩ ነው» የሚል ሰው ግን ስለ ፊልሙ ይናገራል፤ ስለዚህ ማስረጃ ይጠየቃል። የትኛው ትርኢት? የትኛው አነጋገር? የትኛው የካሜራ ሥራ? ያን ሌሊት የተጣሉት ሁለቱ ጓደኞቻችን አንዱ ስለ ራሱ፣ ሌላው ስለ ፊልሙ ይናገሩ ነበር። ለዚህም ነው ሳይገናኙ የቀሩት።

አንድ ድምፅ፣ ሦስት አሸናፊ

በመጨረሻ «ወረቀት አምጡና እንቁጠር!» ተባለ። 15 ነበርን። እያንዳንዳችን ሦስቱን ፊልሞች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብለን ጻፍን። ወረቀቱ ሲከፈት እንዲህ ሆነ።

6 ሰዎች፦ 1ኛ «ጤዛ»፣ 2ኛ «ላምብ»፣ 3ኛ «ድፍረት»።
5 ሰዎች፦ 1ኛ «ድፍረት»፣ 2ኛ «ላምብ»፣ 3ኛ «ጤዛ»።
4 ሰዎች፦ 1ኛ «ላምብ»፣ 2ኛ «ድፍረት»፣ 3ኛ «ጤዛ»።

የመጀመሪያው አቆጣጠር የለመድነው ነው፤ 1ኛ የተባለበትን ብቻ መቁጠር። «ጤዛ» 6፣ «ድፍረት» 5፣ «ላምብ» 4። ስለዚህ «ጤዛ» አሸነፈ፤ ጭብጨባ ሆነ። ነገር ግን አንዷ ሠልጣኝ ወረቀቶቹን እያገላበጠች «ቆይ፣ ቆይ! ከ15 ሰው 9ኙ ‹ጤዛ›ን መጨረሻ ነው ያደረገው» አለች። እውነት ነበር።

ሁለተኛው አቆጣጠር ዝቅተኛውን ማስወጣት ነው። 1ኛ ያሉት ሰዎች ቁጥር ያነሰው «ላምብ» ይወጣል፤ እርሱን የመረጡት 4 ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ወደ «ድፍረት» ይሄዳል። አሁን «ድፍረት» 9፣ «ጤዛ» 6 ሆነ። «ድፍረት» አሸነፈ።

ሦስተኛው አቆጣጠር ነጥብ መስጠት ነው፤ ለ1ኛ 3፣ ለ2ኛ 2፣ ለ3ኛ 1። ይህ ሲደመር «ላምብ» 34፣ «ድፍረት» 29፣ «ጤዛ» 27 ሆነ። የመጀመሪያው አንደኛ መጨረሻ ወጣ፤ የመጀመሪያው መጨረሻ ደግሞ አንደኛ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ከ15ቱ አንድም ሰው ሐሳቡን አልለወጠም፤ ወረቀቶቹም ያው ናቸው። የተለወጠው የእኛ አቆጣጠር ብቻ ነው። «ስለዚህ ማን አሸነፈ?» ሲባል መልሱ «በየትኛው ደንብ?» የሚል ነው። ደንቡ ከቆጠራው በፊት ካልተወሰነ እያንዳንዱ ወገን የሚጠቅመውን ደንብ ይዞ ይነሣል። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ትልልቆቹም በዚሁ ይቸገራሉ

ይህ ችግር የመኝታ ክፍላችን ብቻ አይደለም። ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ አካዳሚ ለብዙ ዓመታት ለምርጥ ፊልም 5 ዕጩዎች ያቀርብ ነበር፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። 5 ዕጩ ባለበት ከመቶ 20 ጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ያገኘ ሊያሸንፍ ይችላል ማለት ነው። ከ2009 ፊልሞች ጀምሮ ዕጩዎቹ 10 እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚያው በአሮጌው ደንብ ቢቀጥሉ ከመቶ 10 በጥቂት የሚበልጥ ድምፅ ይበቃ ነበር። ስለሆነም ለዚህ ሽልማት ሁለተኛውን አቆጣጠር ያዙ። መራጮች ፊልሞቹን በደረጃ ይጽፋሉ፤ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ ዝቅተኛው እየወጣ ድምፁ ለቀጣዩ ምርጫ ይተላለፋል። በዚህ ደንብ ጥቂቶች እጅግ የሚወዱት፣ ብዙዎች ግን የሚጠሉት ፊልም ይቸገራል።

«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል። እያንዳንዱ ሰው 10 ፊልም ይጠራል፤ በአሥሩ መካከል ደረጃ የለም፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ ይያዛል። እኛም በዚህ መልክ ሁለት ሁለት ፊልም ጠርተን ቢሆን ኖሮ «ላምብ» ከ15 ሰው 15 ድምፅ ያገኝ ነበር!

የዚህ መጽሔት ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። በ1952 አንደኛ የሆነው የጣሊያኑ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ያኔ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እንኳ አልገባም ነበር። ነገር ግን ከ1962 እስከ 2002 ለአምስት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ሆነ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ከቦታው አወረደው። በ2022 ደግሞ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ፤ በሴት አዘጋጅ የተሠራ ፊልም በዚህ ዝርዝር አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ይህ ፊልም አንዲት የቤት እመቤት ድንች ስትልጥ፣ ቤት ስታሰናዳና ገበያ ስትሄድ ከ3 ሰዓት በላይ ያሳያል። በ1975ና በ2022 መካከል ፊልሙ ላይ አንድ ትርኢት አልተጨመረም። የተለወጠው መራጩ ነው። በ2012 የመረጡት 846 ሲሆኑ በ2022 ግን 1,639 ነበሩ። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ሲለወጥ «ምርጥ» የሚባለውም ይለወጣል ማለት ነው።

የተመልካችና የዳኛ ሚዛንም ሁልጊዜ አይገናኝም። «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የውጭ አገር ፊልሞች ክፍል የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ፣ የዳኞቹ ሽልማት ለሌላ ፊልም ተሰጥቷል። አንዱ ወገን ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ፍጹም አቆጣጠር አለን?

«እሺ፣ ታዲያ ትክክለኛውን ደንብ ንገሩንና እንረፍ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ብለን ነበር። ነገሩ ግን የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦርዳ የተባለው ፈረንሳዊ የነጥቡን አቆጣጠር አቀረበ። የአገሩ ሰው ኮንዶርሴ ደግሞ በ1785 ባሳተመው ጥናት ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ ማወዳደር ይሻላል አለ። በእኛ ወረቀት በዚህ ስንሞክር «ላምብ» «ጤዛ»ን 9 ለ6፣ «ድፍረት»ን 10 ለ5 ይረታል። ይህ መልካም ይመስላል። ይሁን እንጂ ኮንዶርሴ ራሱ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑና የመጀመሪያው ሀ፣ ለ፣ ሐ፤ ሁለተኛው ለ፣ ሐ፣ ሀ፤ ሦስተኛው ሐ፣ ሀ፣ ለ ብለው ቢደረድሩ፣ ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን ይረታል። ነገሩ እንደ እንቁላልና ዶሮ ዙሪያውን ይዞራል። በ1951 ኬኔት አሮው የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ምክንያታዊ የሚባሉትን መሥፈርቶች ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ የደረጃ አቆጣጠር ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ።

ከፊልም ወደ ክፍል

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ነገ የምንደረድረው ፊልም ሳይሆን ሕፃናትን ነው። ፊልም 3ኛ ብትሉት አይሰማም፤ ልጅ ግን ይሰማል። አንዲት ተማሪ በሒሳብ 95፣ በአማርኛ 60 አመጣች እንበል፤ ድምሩ 155። ሌላው ተማሪ በሁለቱም 77 አመጣ፤ ድምሩ 154። በድምር እርሷ ትበልጣለች። በዝቅተኛ ውጤታቸው ብንመዝን እርሱ ይበልጣል። ካርዱ ላይ ግን «1ኛ» እና «2ኛ» ብቻ ይጻፋል፤ አንድ ነጥብ ለዓመት የሚቆይ ስም ትሆናለች። በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለው ልዩነት 1 ነጥብ ይሁን 30 ነጥብ ደረጃው አይናገርም። ከሁሉም የሚከፋው በክፍሉ ፊት «ከ50 ልጅ 50ኛ» ተብሎ ስሙ የሚጠራው ልጅ ነው። ያ ልጅ ምናልባት እንደ «ላምብ» ነው፤ በአንዱ አቆጣጠር መጨረሻ፣ በሌላው አንደኛ።

ደረጃ ጨርሶ ይቅር ማለታችን አይደለም። ደረጃ የሚሰጥ ሰው ደንቡን አስቀድሞ ይንገር፣ ምክንያቱን ያስረዳ፣ ቁጥሩ የማይናገረውንም ይወቅ ነው የምንለው። ያን ሌሊት ከተጣሉት አንዱ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አብሮን ቆጥሯል። ሁለተኛውም ድምሩን ሁለቴ ፈትሾልናል። አሁንም አልተስማሙም፤ ሻይ ግን አብረው ይጠጣሉ።

ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። ሠልጣኞችም መምህራንም የዓመቱን ሦስት ፊልሞቻችሁን በደረጃ ጻፉ። ለ1ኛው አንድ ትርኢት በማስረጃነት ጥቀሱ፤ «ወደድሁት» ብቻ አንቀበልም። በሚቀጥለው እትም በሦስቱም መንገድ ቆጥረን እናቀርባለን።